የትኛው ሙጫ ይበረታል ከማለት በፊት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ አይደለም፤ ስለ ሙጫ ነው። ርእሱ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት ሲቀርብ ትንሽ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከመካከላችን መሐንዲስ በመሆኑ ብቻ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት «ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ሙጫ የቱ ነው?» ተብሎ ያልተጠየቀ ይኖራል ብዬ አልገምትም። አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት ስለ ብረትና ስለ ኮንክሪት ብዙ ተምረን ስለ ማጣበቂያ የቀሰምነው ጥቂት በመሆኑ፣ በስም የምናውቀውን አንዱን ጠቅሰን እንገላገላለን። እኔም እንደዚሁ አደርግ ነበር። ይህን ልማዴን ያስተወኝ አንድ የተሰበረ የጀበና እጀታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ጀበና እጀታው ተሰበረ። እኔም በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን ኤፖክሲ ገዝቼ፣ ስብራቱን አጽድቼ፣ በመመሪያው መሠረት ቀላቅዬ አጣበቅሁት። በማግስቱ ጀበናውን ውኃ ሞልቼ በእጀታው አንጠልጥዬ ደጋግሜ ወዘወዝሁት፤ ንቅንቅ አላለም። በሥራዬም ኮራሁ። በተከታዩ እሑድ ቡና ተፈላ፤ አቦሉ በሰላም ተቀዳ። ቶናው ላይ ግን ጀበናው ከከሰሉ ተነሥቶ ወደ ሲኒዎቹ ሲዘነበል እጀታው እንደ ሰም ለስልሶ ተላቀቀና የፈላው ቡና በረከቦቱና በቄጤማው ላይ ተገለበጠ። እዚያው ቄጤማው ላይ ስትጫወት የነበረችው የእኅቴ ልጅ ከደቂቃ በፊት ወደ ጓዳ ሄዳ ስለነበር ተረፈች። እናቴ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ እሳት ላይ የሚኖረውን ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ ፈተንኸው» ብቻ አለችኝ።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ የዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው። ተገቢው ጥያቄ «የትኛው ሙጫ ይበረታል?» የሚለው ሳይሆን፣ «ይህ የሚጣበቅ ዕቃ ምን ዓይነት ኑሮ ይጠብቀዋል?» የሚለው ነው።

በቅድሚያ ማጣበቂያ ለምን እንደሚይዝ እንመልከት። አብዛኛው ማጣበቂያ ሥራውን በፈሳሽነት ጀምሮ በጠጣርነት የሚፈጽም ነገር ነው። ፈሳሽ ሳለ በሁለቱ ገጾች ላይ ተንሰራፍቶ እያንዳንዱን ጎድጓዳ መሙላትና ከገጹ ጋር እጅግ መቀራረብ አለበት፤ በሞለኪዩሎች መካከል ያለው የመሳሳብ ኃይል የሚሠራው በዚያ ኢምንት ርቀት ብቻ ነውና። ስለሆነም ገጹን ያላራሰ ሙጫ አይይዝም። አቧራ፣ ዘይት፣ የእጅ ወዝና ዝገት የሙጫ ጠላቶች የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሙጫው የሚጨብጠው አቧራውን እንጂ ዕቃውን አይሆንም። በሳሙና አጥቦ ማድረቅና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ከሙጫው ዋጋ ይልቅ ውጤቱን የሚወስኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጠብታ ውኃ በንጹሕ መስተዋት ላይ ብናኖር ይንጣለላል፤ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ብናኖር ግን እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ሳፋው፣ ባልዲውና ጄሪካኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከፖሊኤቲሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ነው። እነዚህ ፕላስቲኮች ውኃው እንዳይንሰራፋባቸው እንደሚከለክሉት ሁሉ ሙጫውንም ይከለክሉታል። የተሰነጠቀ ሳፋ ተለጥፎ በሳምንቱ የሚላጠው ሙጫው አስመስሎ የተሠራ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሁለቱ መጀመሪያውኑ ስላልተያያዙ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች ይህን ልዩነት በተግባር ያውቁታል። የፒቪሲ ቧንቧን የሚያያይዙት ገጹን በሚያሟሟ ሙጫ ሲሆን፣ ሁለቱ ገጾች ተሟሙተው ሲደርቁ አንድ አካል ይሆናሉ። ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራውን የፒፒአር ቧንቧ ግን በማሞቂያ አቅልጠው ያጋጥሙታል እንጂ ሙጫ አይቀቡትም። ሳፋውንም የሚያድነው ነገር ቢኖር ሙቀት ነው።

ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ሙጫው በምን መንገድ ይደርቃል የሚለው ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚጠነክረው በውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንጨቱና ወደ አየሩ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ለእንጨት፣ ለወረቀትና ለካርቶን ወደር የለውም፤ በሁለት ብረቶች መካከል ቢቀባ ግን ውኃው መውጫ አጥቶ ለብዙ ቀናት ርጥብ እንደ ሆነ ይቆያል። በደንብ የተገጠመና በሞርሳ የታሰረ የወንበር እግር በዚህ ኮላ ሲያያዝ ብዙ ጊዜ ከመጋጠሚያው ይልቅ እንጨቱ ቀድሞ ይሰበራል። ዳሩ ግን ተራው ነጭ ኮላ ርጥበት አይችልም፤ ዝናብ ለሚያገኘው የበረንዳ ወንበር ውኃ የሚቋቋመውን ዓይነት መምረጥ ያሻል።

ጫማ ሰፊዎቻችን የሚጠቀሙበት ማስትሽ ደግሞ በሚተን ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ጎማ ነው። ሁለቱም ገጾች ተቀብተው፣ ፈሳሹ ተንኖ፣ ሲነኩት በጣት ላይ የማይቀር እስኪሆን ድረስ እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው የእጅ ወይም የመዶሻ ግፊት ነው። ቸኩሎ በርጥቡ ያጋጠመ ሰው አሟሚውን ከውስጥ ዘግቶበታልና መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል።

ሱፐር ግሉ እየተባለ የሚጠራው ሳይኖአክሪሌት ከእነዚህ ይለያል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሪ ኩቨር እ.ኤ.አ. በ1942 ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ አገኙት፤ የነካውን ሁሉ እየተጣበቀ ስላስቸገራቸው ተዉት፤ ለገበያ የቀረበው በ1958 ነው። የሚያጠነክረው በገጾቹ ላይ ያለው ጥቂት የአየር ርጥበት ነው። ስለዚህ አንድ ጠብታ በስሱ ሲሆን ይይዛል፤ ብዙ ሲፈስ ግን ይዘገያል፣ ይዳከማልም። ክፍተት አይሞላም፤ ልክክ ብሎ ለሚገጥም ጥቃቅን ስብራት እንጂ ለተፈረፈረ ጠርዝ አይሆንም። ኤፖክሲ በአንጻሩ የሚጠነክረው በሁለቱ ክፍሎች የኬሚካል ውሕደት ነው። የሚተንበት ነገር ስለሌለ ሲደርቅ እምብዛም አይሸማቀቅም፤ ክፍተትም ይሞላል፤ ብረትን ከድንጋይ፣ ሸክላን ከሸክላ ያያይዛል። ነገር ግን የሁለቱ ክፍሎች መጠን በግምት ከተለካ ወይም በደንብ ካልተዋሐደ ለዘለዓለም እንደ ማር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በአምስት ደቂቃ የሚይዘውም ቢሆን ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ኃይሉ ከየት አቅጣጫ ይመጣል የሚለው ነው። ሁለት ጣውላ ተደራርቦ ተጣብቆ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ቢሳብ፣ የተቀባው ገጽ በሙሉ በአንድነት ይቋቋማል። አንዱ ጠርዝ ተይዞ እንደ ሙዝ ልጣጭ ቢገለጥ ግን ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ነው፤ ብርቱ የሚባለው ሙጫም በዚያ መስመር ይሸነፋል። የጫማ ሶል የሚኖረው ይህን የመላጥ ኑሮ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ይታጠፋል፣ ጫፉም ይጎተታል። በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ሶል የሚከዳው ሙጫው ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ስለሚሆን ነው፤ ማስትሽ ግን ከቆዳው ጋር አብሮ ይታጠፋል። በቁጥር ሲለካ ደካማ የሆነው በዚህ ቦታ የተሻለ ሆነ ማለት ነው።

አራተኛው ሙቀትና ጊዜ ነው፤ የእኔም ስሕተት ያረፈው እዚህ ላይ ነበር። በቤት ሙቀት የሚደርቀው ተራ ኤፖክሲ አብዛኛው ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መለስለስ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የከሰሉ ፍም ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የጀበናው እጀታ ዕጣ ገና ቱቦው ሳይከፈት ተወስኖ ነበር። የሻይ ማፍያ፣ የድስት እጀታ፣ ትኩስ ሻይ የሚጠጣበት ኩባያ ጆሮ፣ እነዚህን በቤት ሙጫ መጠገን አይገባም። ሲከዱ የሚያቃጥሉት ዕቃውን ሳይሆን ሰውን ነው።

ጊዜም እንደ ሙቀት ያለ ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 10 ቀን 2006 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአንድ የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ 26 ቶን ያህል የሚመዝኑ የጣሪያ ኮንክሪቶች ወድቀው በመኪና ታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ሞተች። ጣሪያውን የያዙት ብሎኖች ወደ ላይ በተቦረቦረ ኮንክሪት ውስጥ በኤፖክሲ የተተከሉ ነበሩ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2007 ባወጣው ሪፖርት እንዳስረዳው፣ በሥራው ላይ የዋለው ፈጥኖ የሚደርቀው የኤፖክሲ ዓይነት ለአጭር ጊዜ ጭነት ጠንካራ ቢሆንም፣ ያለ ማቋረጥ ሲጎተት ቀስ በቀስ የሚለጠጥ ነበር። ብሎኖቹ በተተከሉበት ሰሞን የተደረገው የመጎተት ፈተና ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ የፈተናው ጊዜ በደቂቃ፣ የጣሪያው ኑሮ በዓመት የሚቈጠር ነውና። ባልደረቦቼ ሆይ፣ በሙያችን ሰዎች እጅ የተፈጸመውና በእናቴ ጓዳ የተፈጸመው ስሕተት፣ መጠኑ የማይነጻጸር ቢሆንም፣ ዘሩ አንድ ነው። ከራስ በላይ ለሚንጠለጠል ነገር፣ መደርደሪያም ይሁን መብራት፣ ብሎን፣ ሚስማር ወይም ብየዳ እንጂ ሙጫ ብቻውን ዋስ ሊሆን አይገባውም።

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ይህ ዕቃ ወደ ፊት እንደገና መፈታት ይኖርበታልን? ካይሮ በሚገኘው የግብፅ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2014 የንጉሥ ቱታንክሃሙን የወርቅ ጭንብል ጢሙ ተላቀቀ፤ ሠራተኞችም በጥድፊያ በኤፖክሲ አጣበቁት። ሙጫውም በአገጩ ሥር ጎልቶ ታየ። በ2015 ጀርመናዊው ባለሙያ ክርስቲያን ኤክማንና ባልደረቦቻቸው የደረቀውን ኤፖክሲ በእንጨት መሣሪያ በትዕግሥት ፈቅፍቀው ካነሡ በኋላ፣ ጢሙን መልሰው ያያዙት በንብ ሰም ነው። ሰም በጉልበት ከኤፖክሲ ጋር አይወዳደርም፤ ጭንብሉ ግን እሳት ላይ አይጣድም፣ ጭነትም የለበትም። የሚፈልገው ነገ ሌላ ባለሙያ ሳይጎዳው ሊፈታው የሚችል ማያያዣ ነው። የእኛም አባቶች የብራና መጻሕፍትን ቅጠል በክር ሰፍተው በመጠረዛቸው፣ ስፌቱ ሲላላ ተፈትቶ እንደገና ሊሰፋ ይችላል። በቤቱ አሮጌ መጽሐፍ ወይም የአያቱ ፎቶግራፍ ያለው ሰው ፕላስተርና ሱፐር ግሉ እንዳያስነካው አደራ እላለሁ።

ስለ ጥንቃቄም ሳልናገር አላልፍም። የማስትሽ ትነት ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይስባል፤ በተዘጋ ክፍልና በምድጃ አጠገብ አይሠራበትም፤ ከልጆችም መራቅ አለበት። ሱፐር ግሉ በጥጥ ልብስ ላይ ሲፈስ ቆዳ እስከ ማቃጠል የሚደርስ ሙቀት ያወጣል። ጣት ከጣት ቢጣበቅ በሞቀ የሳሙና ውኃ እያራሱ በዝግታ ማላቀቅ ነው እንጂ መጎተት አይገባም።

እንግዲህ ወደፊት ጎረቤት «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቀን በስም ከመመለሳችን በፊት እኛም እንጠይቀው፤ ዕቃው ከምን ተሠርቷል? ውኃ ያገኘዋል? እሳት ያገኘዋል? ይታጠፋል ወይስ ይንጠለጠላል? ቢላቀቅ ማን ላይ ይወድቃል? እንደገና መፈታት ይኖርበታል? ከእነዚህ መልሶች በኋላ ትክክለኛው ሙጫ ራሱ ይታወቃል፤ አንዳንድ ጊዜም «ይህ አይጣበቅም፣ ይለወጥ» ማለት ይመጣል። ይህን ደፍሮ መናገር የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ያ አሮጌ ጀበና ዛሬም በእናቴ ቤት አለ። እጀታውን ከዚያው ከተረፈው ኤፖክሲ ቀላቅዬ እንደገና አጣብቄዋለሁ። አሁን መስኮት ላይ ተቀምጦ የደረቀ አበባ ይይዛል፤ እጀታውም እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።