በአንገት ላይ ስለሚወጣ እብጠትና ስለ ልጃገረዶች ክትባት
(በሐረር ፈረስ መጋላ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ እብጠት ለመናገር ነው። ከመንጋጋ ሥር፣ በአንገት ላይ፣ ሳያም ይወጣል። አገራችን የዕጢ ቲቢ የበዛባት ናትና ሰው ሁሉ «ንፍፊት ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ሆኖም የቶንሲል ወይም የምላስ ሥር ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በሐረር የአፍ ሕመም ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው በጫት ላይ ነው። ጫቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሲጋራ ጋር ይቃማል፤ ማታ ደግሞ «ጨብሲ» ይከተላል። የአፍ ካንሰር ዋነኞቹ መንስኤዎች ትምባሆና አልኮል መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። አጭሶ የማያውቀውን ሰው ቶንሲልና የምላስ ሥር የሚያጠቃው ግን ብዙውን ጊዜ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ፣ በተለይም ቁጥር 16 የተሰኘው ዝርያው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን ይኸው ቫይረስ የማኅፀን በር ካንሰር እንደሚያመጣ በማሳየቱ በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በአሜሪካ ከ10 የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰሮች 7 ያህሉ ከዚህ ቫይረስ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ የሚበዙትም በወንዶች ላይ ነው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በአፍም ጭምር ይተላለፋል። ይህን በዐውደ ምሕረት መናገር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ስለዚህ ለንስሐ አባቶች ለይተን እንናገራለን። ቫይረሱ የያዘው አብዛኛው ሰው ሳያውቀው በአንድ ሁለት ዓመት ይጠራለታል። በጥቂቶች ግን ለዐሥርተ ዓመታት ተደብቆ ይቆይና፣ በወጣትነት የገባው በ40 ወይም በ50 ዓመት ዕድሜ ይገለጣል። ስለሆነም ታማኝ ባለትዳርም ሊታመም ይችላል። የንስሐ ልጃችሁ አንገቱን ቢያሳያችሁ፣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስደዱት፤ ከፈረስ መጋላ ሩቅ አይደለም። ጸበሉን አይከልከል፤ ሐኪሙን ግን አያዘግይ። ቶንሲል በጣት ከሚያፈርጡ ሰዎች ዘንድም አይሂድ። ሦስት ሳምንት ያልሻረ የአፍ ቁስል፣ በአንድ ወገን ብቻ ያበጠ ቶንሲል፣ ለመዋጥ መቸገር፣ እነዚህም የሐኪም ዐይን ይሻሉ።

ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ብቻ እንዲሰጥ ተደረገ። የታሰበው ለማኅፀን በር ካንሰር ቢሆንም ቁጥር 16ን ይከላከላል። «ያመክናል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። «ከጋብቻ በፊት ፈቃድ መስጠት አይሆንም ወይ?» ለሚሉ አባቶች መልሳችን፣ ክትባቱ በሚገባ የሚጠቅመው ቫይረሱ ሳይቀድመው ሲሰጥ ነው የሚል ነው። አውስትራሊያ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወንዶችንም ትከትባለች፤ እኛ ዘንድ ገና ነው። ቢሆንም ልጃገረዶች ሲከተቡ የቫይረሱ መተላለፊያ ስለሚጠብብ ወንዶችም ይጠቀማሉ።

የክትባቱ ቀን በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። ትምህርት ቤት ያሉት በዚያው ይከተባሉ። ከገጠር መጥተው በየቤቱ በሠራተኝነት የሚያገለግሉት ልጃገረዶች ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ በየትኛው ቤት እንዳሉ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ሰበካ ጉባኤው ነው።