የጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል ያለ እሳት ሲጮኽ



በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በሚገኙ አፓርታማዎች ውስጥ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ቡና ቆልተው ዕጣን ሲያጤሱ፣ ከኮርኒሱ ላይ የተገጠመው የጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል በድንገት ይጮኻል። አንዱ መስኮት ይከፍታል፤ ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ጢሱን ታራግባለች። በመጨረሻም አንድ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ይነቅላል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ከዚያ ጸጥታ ይጀምራል፤ የተነቀለው ባትሪ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራልና። በአሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት ሰዎች ከአምስቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት ደወል በሌለበት ወይም ያለው በማይሠራበት ቤት ነው።

መሣሪያው እሳትን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው በአየር ላይ የተንሳፈፈውን ብናኝ ነው። ስዊሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ዬገር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመርዝ ጋዝ ጠቋሚ ለመሥራት ሲደክም፣ ለጋዙ ዝም ያለው መሣሪያ እርሱ ለለኮሰው ሲጋራ ጢስ ምላሽ እንደ ሰጠ ይተረካል። ያልተጠየቀውን መመለስ የትውልድ ጠባዩ ነው ማለት ይቻላል።

በየቤቱ የሚገኘው ደወል በአብዛኛው ከሁለት ዓይነቶች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ክብደቱ ከአንድ ማይክሮግራም ያነሰ አሜሪሲየም 241 ይዟል። ከዚህ ንጥረ ነገር የሚወጣው ጨረር በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ባለው አየር ውስጥ አዮኖችን ስለሚፈጥር ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት ያልፋል፤ ብናኝ ገብቶ አዮኖቹን ሲይዛቸው ጅረቱ ይቀንሳል፤ ደወሉም ይጮኻል። ይህ ዓይነት ለዓይን ለማይታይ ደቃቅ ብናኝ እጅግ ንቁ ስለሆነ፣ ነበልባልን ፈጥኖ ሲያስታውቅ የጋለ መጥበሻንና የቡና ቁሌትንም አብሮ ያስታውቃል። ሁለተኛው ዓይነት በብርሃን ይሠራል፤ ጢስ ሲገባ ብርሃኑ ተበትኖ በጎን ከተቀመጠው ተቀባይ ላይ ያርፋል። ታምቆ ለሚጤስ ፍራሽ ይህኛው ይቀድማል፤ በወጥ ቤት ምክንያት የሚያሰማው የሐሰት ጩኸትም ያነሰ ነው። የዕጣን ጢስ ግን ጢስ ነውና ሁለቱንም ያስጮኻል።

ስለዚህ ቤቱ ተፈትሾ እሳት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመረመረው የደወሉ ቦታ ነው። ከምድጃ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ የመታጠቢያ ቤት እንፋሎትም እንዳይደርስበት ይሁን። ረከቦቱን ወደ መስኮት ማስጠጋት ባትሪ ከመንቀል ይሻላል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ድምፁን የሚያበርድ ቁልፍ ያላቸው መሣሪያዎችም አሉ። አቧራ ወይም ትንሽ ሸረሪት ከውስጥ ገብቶ ከሆነ በአየር መሳቢያ መጥረጊያ ይጸዳል። በየደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ የሚሰማ አጭር ድምፅ ግን የጢስ ምልክት ሳይሆን የባትሪ መድከም ነው፤ የባትሪ ኃይል በብርድ ስለሚቀንስ ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ሁሉ በሚያንቀላፋበት ሰዓት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው መሣሪያ ደግሞ አይጠገንም፤ ይለወጣል።

ለዕጣን የሚጮኸው ይኸው ደወል፣ ከረከቦቱ አጠገብ ያለው የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያመነጭ አንዳች ድምፅ አያሰማም፤ ጋዙ ብናኝ አይደለምና። ከሰሉ ጢሱን እስኪጨርስ ደጅ ማቆየት በሀገር ቤትም የተለመደ ጥንቃቄ ነው፤ ሆኖም ጢሱን ጨርሶ የቀላው ፍም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም፤ ለእርሱ ሌላ ጠቋሚና የተከፈተ መስኮት ያስፈልጋል።