ማን ይጠግነዋል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



ሐኪም ስለ መንገድ ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። የምኖረው ግን ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ልጆቼን ይዤ ወደ ምዕራብ ስጓዝ፣ ከከምበርላንድ ከተማ አለፍ ብሎ ላቬል በሚባል ቦታ አንድ አሮጌ የኬላ ቤት አየሁ። ወርጄ ታሪኩን ሳነብ ስለ እኛ የተጻፈ መሰለኝ።

ታሪኩ ይኸውላችሁ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1806 በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ መንገድ እንዲሠራ ወሰነ፤ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰንም ፈረሙበት። "ናሽናል ሮድ" ይሉታል። ሥራው በ1811 ከከምበርላንድ ተጀመረ፤ ተራራውን አቋርጦ በ1818 ኦሃዮ ወንዝ ዳር ዊሊንግ ደረሰ። ወደ 210 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጭነት ጋሪው፣ የመንገደኛው ሠረገላ፣ የከብቱ መንጋ ሁሉ በዚያ ይጎርፍ ጀመር።

አንድ ጥያቄ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም፤ ማን ይጠግነዋል? ኮንግረሱ በ1822 ኬላ አቁሞ፣ የመንገድ ክፍያ ሰብስቦ ለመጠገን ሕግ ቢያወጣ፣ ፕሬዚዳንት ጀምስ ሞንሮ "ሕገ መንግሥቱ ይህን ሥልጣን አይሰጥም" ብለው ውድቅ አደረጉት። ክርክሩ ሲጓተት መንገዱ ተበላሸ። በመጨረሻ በ1830ዎቹ መንገዱን ግዛቶቹ ተረከቡት። ፔንሲልቫኒያማ "መጀመሪያ ጠግናችሁ ስጡኝ" አለች! ከዚያ በኋላ ኬላዎቹ ቆሙ። ሰፊ መንኮራኩር ያለው ጋሪ ከጠባቡ ያነሰ ይከፍል ነበር፤ ጠባቡ መንገዱን ይሰረጉዳልና።

ወደ እኛ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ጓደኞቼ አዋጥተን ለአንድ ሆስፒታል የአልትራሳውንድ መሣሪያ ላክን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። ባለፈው ክረምት ሄጄ ሳየው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል። የተበላሸው ፕሮቡ ብቻ ነው፤ መተኪያ መግዣ ግን አልተያዘለትም። በዚያው ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ለምርመራ ወደ ሌላ ከተማ ስትላክ ቆሜ አየሁ። ማንንም አልወቅስም። "ማን ይጠግነዋል?" ብለን ሳንጠይቅ የላክነው እኛው ነን።

ዘንድሮ ደግሞ ለተማሪዎቹ የተግባር መለማመጃ ክፍል ዕቃ ልንገዛ ተነሥተናል። ደስ ይላል። ልመናዬ አንድ ነው፤ ከምናዋጣው ከአምስት ብር አንዱ ለጥገና ይቀመጥ፤ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም ከግዢው በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። እናንተም መምህራኖቻችን፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉን። እንደ ፔንሲልቫኒያ ጠንከር በሉብን።