አናፖሊስ ውስጥ መዶሻውን ማን ይዟል?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ሊቀመንበራችን «ስለ ሜሪላንድ ምክር ቤት አባላትና መሪዎች ንገሪን» ስትለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ ፈርቼ ነበር። ስለዚህ አናፖሊስን ለጊዜው ትቼ ከራሳችን ሣጥን ልጀምር።

ገንዘብ ያዣችን እዚህ አለች፣ ካጠፋሁ ታርመኛለች። ሣጥናችን መጀመሪያ ሲቋቋም የታሰበው ለሐዘንና ለድንገተኛ ሕመም ነበር። አሁን ግን ደጋግመን የምንከፍተው ለአራስ ነው። እህታችን ትወልዳለች፣ ሥራዋ በሰዓት የሚከፈል ነው፣ ካልገባች ክፍያ የለም፣ የቤት ኪራዩ ግን ወር በገባ በአንደኛው ቀን ይመጣል። ከመካከላችን አንዷ፣ ፈቃዷን ጠይቄ ስሟን ሳልጠራ ነው የምናገረው፣ በወለደች በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ተመለሰች። ጡቷ አግቶ፣ ወተቱ ልብሷን እያራሰ፣ ሒሳብ መቀበያው ላይ ስምንት ሰዓት ቆማለች። እኛ ገንፎ ወስደናል፣ ያዋጣነውንም ሰጥተናል። አራስ ቤት ግን አላቆየናትም፣ አቅማችን ያን ያህል አይደለም።

ለዚህ የሚሆን ሕግ በዚህ ስቴት አለ። በ2022 ምክር ቤቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ አወጣ። ልጅ የወለደች፣ ወይም የታመመ ቤተሰብ የምታስታምም ሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት እስከ 1,000 ዶላር እንድታገኝ የሚል ነው። የጊዜው አገረ ገዥ ውድቅ አደረጉት፣ ምክር ቤቱም ውድቅ ማድረጋቸውን ሽሮ አጸናው። ታዲያ ገንዘቡ የታለ? መጀመሪያ በጃንዋሪ 2025 ይጀመራል ተባለ። ከዚያ ወደ ጃንዋሪ 2026፣ ቀጥሎ ወደ ጁላይ 2026 ተገፋ። በ2025 ደግሞ እንደገና ተገፍቶ ክፍያው በጃንዋሪ 2028 ይጀመር ተባለ። ሕጉ በወጣበት ጸደይ የተወለደ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ እናት ክፍያ ስታገኝ ኪንደርጋርተን ገብቶ ይሆናል ማለት ነው።

ለመግፋቱ ምክንያት አልቀረበም አልልም። የስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከዋሽንግተን በኩል ያለው ሁኔታ እርግጠኛ አይደለም፣ አሠሪዎችም መዘጋጃ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል ብሏል። ከእኛም ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት ያላችሁ አላችሁ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ለእናንተም ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሕግ አራት ጊዜ ቀን ሲቆረጥለት፣ ከዚህ አዳራሽ አንዳችንም አልሰማንም። እኔ ራሴ የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን የሚወስኑት እነማን ናቸው?

ሜሪላንድ በ47 ዲስትሪክት የተከፈለች ናት። ከእያንዳንዱ ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ተወካዮች፣ ማለትም ዴሊጌት የሚባሉት፣ ይመረጣሉ። ሲደመር 47 ሴናተርና 141 ተወካይ፣ በጠቅላላው 188 ሰው ነው። ሁሉም ለአራት ዓመት ይመረጣሉ። ሥራቸው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 90 ቀን ነው፣ በዘጠናኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ያላለቀ ረቂቅ ይሞታል። በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል። ደመወዛቸው በዓመት ከ50,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ብዙዎቹም ሌላ ሥራ አላቸው። (ለዘጠና ቀን «አልገባም» ሊባል የሚችል ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለራሳችሁ አስቡት። ጠበቆች የሚበዙበት ያለ ምክንያት አይደለም።)

አገረ ገዥው ውድቅ ያደረጉትን ለመሻር ከተወካዮቹ 85፣ ከሴናተሮቹ 29 ድምፅ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ስንታመም የምናገኘው የሕመም ፈቃድ፣ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሚጠራቀመው፣ በ2018 የጸናው በዚሁ መንገድ ነው። ፈቃዱን የምትጠቀሙበት አላችሁ፣ አለቃ የሰጣችሁ ቸርነት አይምሰላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 188 ሰው እኩል አይደለም። በዕድር እንደምናውቀው ነው። አባሉ ሦስት መቶ ቢሆንም ዛሬ ስለ ምን እንነጋገር የሚለውን የሚይዙት ዳኛውና ጸሐፊው ናቸው። አናፖሊስም እንዲሁ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማን በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደሚቀመጥና ኮሚቴውን ማን እንደሚመራ ይወስናሉ። በሴኔት በኩል የሴኔቱ ፕሬዚዳንት እንደዚሁ ያደርጋሉ። በሜሪላንድ ልማድ የቀረበ ረቂቅ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን ይደመጣል። ስለዚህ የሄደ ሰው «ሰሙኝ» ብሎ ደስ ብሎት ይመለሳል። ነገር ግን ረቂቁ ለድምፅ ይቅረብ ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይደር የሚለው በኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ ነው። ብዙ ረቂቅ ማንም ሳይቃወመው፣ ማንም እጁን ሳያነሣበት፣ እዚያው ተኝቶ ኤፕሪል ይደርሳል።

እዚያ ወንበር ላይ ሴት ለመቀመጥ ምን ያህል እንደፈጀባት ላጫውታችሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ተወካይ ሜሪ ሪስቶ የተመረጡት በ1921 ነው። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ እንኳ ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ፣ የመሪነት ቦታም አልነበራቸውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ፖሊን ሜንስ የተባሉ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተወካይ ለአፈ ጉባኤው «ለምንድን ነው ሴቶች አንዱንም ቦታ የማናገኘው?» የሚል አቤቱታ አቀረቡ። አፈ ጉባኤው ሾሟቸው። የምን ሰብሳቢ አድርገው? የሴቶች መጸዳጃ ቤት ኮሚቴ! ሹመቱን ለማድመቅም ጠጉር የለበሰ የመጸዳጃ መቀመጫ ሸለሟቸው። አዳራሹ ሳቀ።

ሴቶቹ ግን ዝም ብለው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በ1972 ከሁለቱም ፓርቲ ያሉት ሴት ተወካዮችና ሴናተሮች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በአሜሪካ ስቴቶች ውስጥ እንዲህ ዓይነት የሴት ሕግ አውጪዎች ኅብረት የመጀመሪያው ይህ ነው፣ ዛሬም አለ። ወይዘሮ ሜንስ ደግሞ እስከ 2007 ድረስ አርባ ዓመት እዚያው ተቀምጠው ሠሩ። የሳቁባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከእርሳቸው በፊት ወጥተዋል ብዬ እገምታለሁ።

ቀጥሎ በ2019 የሆነው አለ። ለአሥራ ስድስት ዓመት አፈ ጉባኤ የነበሩት ማይክል ቡሽ ጉባኤው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አረፉ። ቦታውን ሁለት የኮሚቴ ሰብሳቢዎች፣ ማጊ ማኪንቶሽና ዴሪክ ዴቪስ፣ ፈለጉት፣ ዴሞክራቶቹም ለሁለት ተከፈሉ። ሜይ 1 ቀን በር ዘግተው ለሰዓታት ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። በመጨረሻ ሁለቱም ወደኋላ አሉና ኤድሪን ጆንስ ይሁኑ ተባለ። ወይዘሮ ጆንስ ከ1997 ጀምሮ አባል፣ ከ2003 ጀምሮ ምክትል አፈ ጉባኤ ሆነው መዶሻውን ሌላው ሲቀር ሲይዙ የኖሩ ናቸው። በዚያው ቀን የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም ጥቁር አፈ ጉባኤ ሆኑ። ሰዎች «አስታራቂ ሆነው ተገኙ» ይላሉ። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ወንበሩ አጠገብ መቀመጣቸውን ነው የማየው። ጠብ ሲነሣ እዚያ የነበረ ሰው ነው የሚታየው።

እርሳቸው በዲሴምበር 2025 ከአፈ ጉባኤነት ሲለቁ በቦታቸው ጆሰሊን ፔኛ-ሜልኒክ ተመረጡ። የተወለዱት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው፣ ወደዚህ አገር የመጡት በልጅነታቸው ነው። ከተማ ምክር ቤት ጀምረው፣ ተወካይ ሆነው፣ የጤና ጉዳይ ኮሚቴውን መርተው ነው እዚያ የደረሱት። በዚህ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ስደተኛ እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ከምክር ቤቱ አባላት ከአሥሩ ከአራት በላይ ሴቶች ናቸው። የሴኔቱን ፕሬዚዳንትነት ግን እስካሁን አንዲትም ሴት አልያዘችውም። ከአሁኑ ፕሬዚዳንት ከቢል ፈርጉሰን በፊት አንድ ሰው ብቻ ለ33 ዓመት ይዘውት ነበር።

«እኛ ከዚህ ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ ካላችሁ ስለ ጎን በሩ ልንገራችሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲስትሪክት 20፣ ጄሚ ራስኪን ወደ ኮንግረስ ሲሄዱ ተወካይ የነበሩት ዊል ስሚዝ በቦታቸው ሴናተር ሆኑ። የስሚዝ ወንበር ደግሞ ክፍት ሆነ፣ ጃኔል ዊልኪንስም በ2017 መጀመሪያ ገቡበት። በሁለቱም ጊዜ የሕዝብ ምርጫ አልተደረገም። በመካከል ወንበር ሲለቀቅ የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስም ይልካል፣ አገረ ገዥው ይሾማል፣ ሕዝቡ የሚጠየቀው በሚቀጥለው ምርጫ ነው። ዊልኪንስ ራሳቸው የዚያ ኮሚቴ አባል ነበሩ፣ በ2018 ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠዋል። አሠራሩ ደስ የማይለው ብዙ ነው፣ እኔም አልወደውም። ግን ያለው እርሱ ነው። የኮሚቴው አባላት የሚመረጡት በየአራት ዓመቱ፣ አገረ ገዥ በሚመረጥበት ዓመት፣ በፕራይመሪው ነው። ያ ስም ከወረቀቱ ታች ያለው ነው፣ ብዙዎቻችን ሳናነበው የምናልፈው። የሁለቱ ዋና ፓርቲዎች ፕራይመሪ የሚፈቅደው ደግሞ በዚያ ፓርቲ ለተመዘገበ ብቻ ነው። ዜግነት አግኝታችሁ ስትመዘገቡ ፓርቲ የሚለውን ባዶ የተዋችሁ፣ እጅ አውጡ አልልም፣ ግን ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

ዜግነት ያላገኛችሁም ዝም በሉ አልተባላችሁም። በኮሚቴ ፊት ለመናገር ማንም የዜግነት ወረቀት አይጠይቅም። (ታኮማ ፓርክ የምትኖሩ ደግሞ ለከተማው ምርጫ ዜጋ ሳትሆኑም ድምፅ መስጠት ትችላላችሁ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ነው።)

ሦስታችን ሄደን ነበር። ስለ ሕፃናት መዋያ ድጋፍ በቀረበ ረቂቅ ላይ ለመናገር ቀደም ብለን በኢንተርኔት ተመዘገብን። ያለ ክፍያ አንድ ቀን ከሥራ ቀረን። ሃይዌይ 50ን ይዘን ሄድን፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከመንገዱ ይልቅ አደከመን። ከዚያ አራት ሰዓት ጠበቅን። ተራዬ ሲደርስ የተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛዬን በልምምድ አስተካክዬው ነበር፣ እዚያ ስቀመጥ ግን አፌ ደረቀ። ሆኖም ጨረስኩ። አንዲት ተወካይ አመሰገኑኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ማኅበራችሁ በየትኛው ዲስትሪክት ስንት አባል አለው?»

አላወቅሁም። ስንት እንደሆንን ተናገርኩ፣ የት የት እንደምንኖር ግን በዲስትሪክት ለይተን ጽፈን አናውቅም። የየወሩን መዋጮ እስከ ሳንቲሙ እንመዘግባለን። ይህንን ግን አስበነው አናውቅም። ተወካይዋ በክፋት አልጠየቁም። ከመራጮቻቸው ውስጥ ስንቶቹ ከእኔ ጋር እንደተቀመጡ ማወቅ ፈለጉ፣ እኔም ልነግራቸው አልቻልኩም።

ስለዚህ አሁን የሚዞረው ወረቀት ያ ነው። ስም ከፈለጋችሁ ጻፉ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት። የምንፈልገው የምትኖሩበትን ዚፕ ኮድና የመንገዱን ስም ነው። ጸሐፊያችን ዲስትሪክቱን ፈልጋ ትሞላለች፣ ወረቀቱም ከማኅበሩ አይወጣም። ዲስትሪክታችሁን የምታውቁ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። ማዶ የተቀመጡት እናታችን «የልጄን ቤት ነው ወይስ የእኔን?» ብለው በምልክት እየጠየቁኝ ነው፦ እርስዎ የሚያድሩበትን ነው እማማ።

በሚቀጥለው ጃንዋሪ ጉባኤው ሲከፈት የቤተሰብ ፈቃዱ ቀን እንደገና ይነሣ እንደሆነ የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን። ከተነሣ ያቺ እህታችን ራሷ እሄዳለሁ ብላለች። ልጇን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል። የእኔ መኪና አራት ሰው ይወስዳል፣ ሁለት ቦታ ተይዟል።