ቍጣን ስለ መግዛት



ዛሬ የምንነጋገረው በየማለዳው ከእኛ ጋር ወደ መሥሪያ ቤት ስለሚገባ፥ ነገር ግን በመግቢያ ሰዓት መዝገብ ላይ ስለማይፈርም አንድ ባልንጀራ ነው፤ እርሱም ቍጣ ነው።

አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት የተባለችው ጌታችን ባደገባት ከተማ ስም ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚተርከው፥ የዚያች ከተማ ሰዎች ቃሉን በሰሙ ጊዜ በቍጣ ተሞልተው ከገደል ሊጥሉት ወሰዱት፤ እርሱ ግን በመካከላቸው አልፎ ሄደ። እንግዲህ ያ ስም የቅድስና ብቻ ሳይሆን የቍጣም መታሰቢያ ነው።

ይህን የምናገረው ራሴን ነጻ አድርጌ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ጸሐፊ ሳለሁ፥ የጠበቅሁት የደረጃ ዕድገት ለሌላ ተሰጠ። በማግሥቱ ከወንጂ በኩል አንድ ሽማግሌ የይዞታ ማስረጃ ፈልገው መጡ። የተፈረመው ወረቀት ከመሳቢያዬ ውስጥ ሳለ «ነገ ይምጡ» አልኋቸው። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፥ የበደለህ ማን ነው? እኔ እንደ ሆንሁ ንገረኝና ይቅርታ ልጠይቅህ» አሉኝ። አፍሬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

በዚያ ምሽት መጽሐፈ ነህምያን ገለጥሁ። ነህምያም እንደ እኛ የመንግሥት አገልጋይ ነበር፤ በመጀመሪያ የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ፥ ኋላም የይሁዳ አገረ ገዥ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሰማ ጊዜ አለቀሰ፥ ጾመ፥ ጸለየ፤ ለንጉሡ የተናገረው ግን አራት ወር ያህል ከቈየ በኋላ ነው። ባለጠጎች የድኆችን እርሻና ልጆች በዕዳ መያዛቸውን ሲሰማም እጅግ ተቈጣ፤ አስቀድሞ ግን ከልቡ ጋር ተማከረ፤ ከዚያም ታላላቆቹን ፊት ለፊት ገሥጾ የተወሰደው እንዲመለስ አደረገ። ቍጣው ወደ በዳዩ ሄደ እንጂ ወደ ተበዳዩ አልዞረም። እኔ ግን የአለቃዬን ዕዳ ከሽማግሌው ተቀበልሁ።

ሃይማኖት «አትዘን፥ አትቈጣ» አይለንም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ወላጆቻችን በየዕለቱ የሚደግሙት መዝሙረ ዳዊትም አቤቱታና እንባ የሞላበት ነው። እንግዲህ ምሬታችንን ለሰው ከማፍሰሳችን በፊት ለእግዚአብሔር እንንገረው፤ ቀጥሎም ለንስሐ አባታችን ወይም ለታመነ ወዳጅ እንግለጠው፤ ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች እንደ መከረውም ፀሐይ ሳይጠልቅ እንታረቅ። ኀዘኑ በርትቶ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክለን ከሆነ፥ ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጕድለት አይደለም፤ ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ እንጀራና ውኃ አቀረበለት እንጂ አልወቀሰውም።

እኔም በማግሥቱ ቅሬታዬን በጽሑፍና በትሕትና ለአለቃዬ አቀረብሁ። ዕድገቱ አልተሰጠኝም፤ ይሁን እንጂ ሥራው ያለቀለትን ባለጕዳይ «ነገ ይምጡ» ማለትን ተውሁ።

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፥ በየከተማው በየጠረጴዛው የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ነገ ጠዋት በር ላይ ጥቂት ቆም ብለን፥ ከእኛ ጋር የሚገባው ማን እንደ ሆነ እንመልከት።