የወረዳው መስኮት



ተመራቂዎች፣ ከእናንተ ጥቂት የማይባሉት በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ወረዳዎች ሥራ ይጀምራሉ። ስለዚህ እዚያ ስለሚጠብቃችሁ አንድ ባለጉዳይ ልንገራችሁ፤ ስለ ስደተኛው።

ቦሌ ሚካኤል ስትወርዱ ሶማልኛ ከአማርኛ እኩል ይሰማል። ደጃፍ ላይ ሳንቡሳ የሚጠብሱት ሴቶች በሁለቱም ቋንቋ ዋጋ ይናገራሉ። ገርጂ ስትሻገሩ ኤርትራውያን ቤተሰቦች ከጎረቤት ጋር ቡና ይጠጣሉ። በከተማችን በአዲስ አበባ የተመዘገቡት ስደተኞች ከ70 ሺህ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ኤርትራውያን ናቸው። የሚኖሩት በመጠለያ ጣቢያ አይደለም፤ እኛው ሰፈር ተከራይተው ነው።

በሕግ በኩል የምናፍርበት ነገር የለም። አፍሪካ የራሷን የስደተኞች ስምምነት የተፈራረመችው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛ እንዲሠራ፣ እንዲንቀሳቀስ፣ ልጁን እንዲያስተምር፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቀደ። የፋይዳ ቁጥር መሰጠቱም ብዙ ነገር አቅልሏል።

ነገር ግን አዋጁ የሚፈተነው ወረዳ መስኮት ላይ ነው። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ የልደት ምስክር ወረቀት ልትጠይቅ ትመጣለች እንበል። ስደተኞች ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የማስመዝገብ መብት አላቸው። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ግን ይህን የነገረው አለቃ የለም፤ እንዲህ ዓይነት ወረቀትም አይቶ አያውቅም። ጥፋት እንዳይሆንበት ፈርቶ «ነገ ተመለሺ» ይላታል። ክፉ ሆኖ አይደለም። የምትመለሰው ግን ለታክሲ ተበድራ ነው።

ቤት ኪራይም እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ስደተኛው መታወቂያህ አይበቃም ተብሎ ውሉ ሳይመዘገብ ከቀረ፣ አከራዩ በፈለገ ጊዜ ዋጋ ይጨምርበታል። ይህ ደግሞ ነዋሪውንም ይጎዳል። «ስደተኛ መጥቶ ኪራይ አስወደደብን» የሚል ቅሬታ በሰፈራችን አለ፤ ቅሬታውን በንቀት ማለፍ አይገባም። መልሱ ግን ሁሉንም ተከራይ በአንድ መዝገብ ማስፈር ነው።

እስካሁን ሸክሙን የተሸከመው ጎረቤት ነው። ከመጠለያ ውጭ እንዲኖር የተፈቀደለት ኤርትራዊ እንኳ ወጪውን የሚችል ዋስ ማቅረብ ነበረበት፤ ዋስ የሆነውም ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው። ጎረቤት ያለ በጀት የቻለውን ከተማው በበጀት ሊያግዝ ይገባል፤ የክፍልና የጤና ጣቢያ ዕቅድ ሲወጣ የስደተኛው ልጅ ከቁጥር ይግባ፤ ወረዳው ሶማልኛና ትግርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ ይኑረው።

ይህች ከተማ ለተቀበለችው ሰው ቦታ ስትሰጥ ምን እንደምታገኝ ታውቃለች። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጡ፤ የሙዚቃ ባንድም ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሰ። ልጆቹ ቤትና ሥራ ባይሰጣቸው ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

እዚህ የተቀመጣችሁ የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች፣ ስደተኛ የትኛውን ወረቀት ይዞ ምን አገልግሎት እንደሚያገኝ የሚገልጽ አንድ ገጽ መመሪያ ለየወረዳችሁ አውርዱ፤ እነዚህ ተመራቂዎች ሥራ ሲጀምሩ ጠረጴዛቸው ላይ ይጠብቃቸው። ተመራቂዎች፣ እናንተም መመሪያው ካልደረሳችሁ አለቃችሁን ጠይቁ፤ እስኪመጣም ድረስ ባለጉዳዩን ሳትመልሱ አዋጁን አውጥታችሁ አንብቡ።