ከሹራብ ማሽን የወጣ ጣሪያ



ሮቦትና ግንባታ አብረው ሲነሱ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት ይሆናል። በሰዓት ይህን ያህል ጡብ ደረደረ፣ ቤቱን በዚህን ያህል ቀን አተመ ይባላል። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ማሽኑ ስንት ቶን አርማታ እንዳስቀረ ነው። የሲሚንቶ ምርት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ገደማ ይይዛልና።

አርማታ የሰጡትን ቅርጽ ይይዛል። የሚያስቸግረው ፎርምወርኩ፣ ማለትም አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ ነው። ጣውላና አጣና ቀጥ ያለ መስመር ስለሚቀናቸው፣ ሶሌታው ጭነት የሚበዛበትም የሚያንስበትም ቦታ በእኩል ውፍረት ይሞላል። አርክቴክቱ ፌሊክስ ካንዴላ ሜክሲኮ ውስጥ ከዚህ ልማድ ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በሶቺሚልኮ የሠራው የሎስ ማናንቲያሌስ ምግብ ቤት ጣሪያ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ጣሪያ ብዙ አናጢ ይፈልጋል። የሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ሲል ይህን ጥበብ የሚያሠራ ባለቤት ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ዛሃ ሐዲድ አርክቴክትስ የተባለው የሥነ ሕንፃ ድርጅት እዚያው ሜክሲኮ ሲቲ ለካንዴላ መታሰቢያ የሚሆን ሥራ አቆሙ፤ ኒትካንዴላ ይባላል። ፎርምወርኩ ጨርቅ ነበር። በኮምፒውተር የተነደፈው ቅርጽ ወደ ሹራብ ማሽን ተላከ፤ ማሽኑም በ36 ሰዓት አራት ረጃጅም ጨርቆች ሠርቶ አወጣ። ጨርቆቹ በሻንጣ ታጭቀው ከስዊዘርላንድ ተጓዙ። ቦታው ሲደርሱ በጊዜያዊ ክፈፍና በብረት ገመድ ተወጠሩ፤ በሹራቡ ኪሶች ውስጥም ፊኛዎች ተነፉ። ፊኛው የያዘው ቦታ አርማታ አይገባበትም፣ ስለዚህ ጣሪያው በዚያ ልክ ይቀላል። ስስ የሲሚንቶ ቅብ ተረጭቶ ጨርቁ ከጠነከረ በኋላ ሠራተኞች አርማታውን በእጃቸው ለሰኑት። ጨርቁና ገመዱ አንድ ላይ 55 ኪሎ ግራም ናቸው፤ የተሸከሙት አርማታ ወደ 5 ቶን ይጠጋል።

በስዊዘርላንድ፣ በዱበንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው ዲፋብ ሃውስ የተባለ ቤትም ማሽንንና እጅን ያጣመረ ነው። ተንቀሳቃሽ ሮቦት ሽቦ እየቆረጠ፣ እያጠፈና እየበየደ የተጠማዘዘ የግድግዳ መረብ ሠራ። አርማታው ከተሞላ በኋላ የግድግዳው ፊት የተስተካከለው በለሳኞች እጅ ነው። ከላይ ያለው ሶሌታ ፎርምወርኩ ከአሸዋ በሦስት አውታር ማተሚያ የወጣ ሲሆን፣ በጣም የሳሳው ቦታ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ከተለመደው ሶሌታ ግማሽ አይሞላም። ይህ ቁጥር ከየትኛውም የፍጥነት ክብረ ወሰን ይበልጣል።

አዲስ አበባም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ከኒትካንዴላ ጀርባ ያለው የፊሊፕ ብሎክ የምርምር ቡድን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኢቲኤች፣ ልደታ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኢንስቲትዩት ጋር በሠራው ሱዱ በተባለ የናሙና ቤት ላይ ተሳትፏል። የምድር ቤቱ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ከላይ ያለው ቅስት ፌሮ ሳይገባበት ከአፈርና ከሲሚንቶ በተሠሩ ስስ ንጣፎች ቆሟል። ሮቦት አልነካውም። ጭነት በቅርጽ ወደ መሬት ይወርዳል የሚለው ሐሳብ ግን ያው ነው፤ ሠሪዎቹም የሀገራችን ግንበኞች ናቸው።

ባለ ብዙ መገጣጠሚያ የሮቦት ክንድ ውድ ነው፤ ለጊዜው ይቆይ። ሹራብ የሚሠራ ማሽን ግን በሀገራችንም አለ፣ ፌራዮውም ለሳኙም አለ። ከዛሬ ተመራቂዎች መካከል ጥቂቶቹ የአንድ ሹራብ ፋብሪካ በር ያንኳኩ። የመጀመሪያዋ ጣሪያ ለአንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ብቻ የምትበቃ ብትሆንም ትመዘን፣ አሸዋ በጆንያ ይጫንባት፣ የት እንደተሰነጠቀችም ተጽፎ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ይተላለፍ።